በሙሉ ድምፅ ስለ ተወሰነልኝ ምጥ

ለተከበሩ ጓድ አባይነህ ይመኑ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ የጤና ዘመቻው የበላይ ኃላፊ፣ የአሥረኛው ዓመት የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

አራዳ፣ መጋቢት ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ከደረት ኪስዎ የማትለየው ማኅተምዎስ ደኅና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ አብዮቱም ይመስገን፣ ጧት ጧት ከሚያስመልሰኝ በቀር ደኅና ነኝ። የሚያስመልሰኝ ለምን እንደ ሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሕዝብ ያስረዱልኝ እርስዎ ነዎትና።

ማን እንደ ጻፈልዎት እንዳይቸገሩ ልንገርዎት። አይናዲስ ወልደገብርኤል እባላለሁ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አፋፍ ባለው የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ቁልፍ የምተክልና ጠርዝ የምዘመዝም፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩ፣ አርባን ያለፍኩ ሴት ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ሦስተኛው በእርስዎ ዕቅድ ውስጥ ይገኛል። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩትም በድፍረት አይደለም፤ ራስዎ በስብሰባ ላይ «የሂስ ዓምዱ ባዶውን ነው፤ ሕዝባችን ሂስ ይፈራል» ብለው ስላዘኑ፣ ከሚያዝኑ ብዬ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ውስጥ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ለጤና ጣቢያ የሚሆን የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዲያትሙልኝ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባንኮኒው ላይ ዘንበል ብዬ፣ በሹክሹክታ እርጉዝ መሆኔን ነገርኩዎት። «መቼ ትወልጃለሽ?» አሉኝ፣ «መስከረም አካባቢ» አልኩ። ፊትዎ እንዴት እንደ በራ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ አባትየው እንኳ እንደዚያ አልበራም። በማግሥቱ እሑድ በስብሰባው ላይ፣ ጎረቤት ቀበሌ ለበዓሉ ትልቅ የአበባ በር ሊያቆም መሆኑን ጠቅሰው፣ እኛ ግን ከበር የሚበልጥ ነገር እናቀርባለን አሉ። ቀጥሎ እኔን አቀረቡ። መስከረም ሁለት ቀን፣ ልክ በበዓሉ ዕለት፣ ሐኪም ቤት ተኝቼ በኦፕራሲዮን እንድወልድ፣ ሕፃኑም «የአሥረኛው ዓመት ሕፃን» ተብሎ እንዲመዘገብልን ቀበሌው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እኔም አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት እንግዲህ ቅሬታዎች አይደሉም፣ ምስጋናዬ ዝርዝር ሲወጣለት ነው።

አንደኛ፤ ስለ ማይክራፎኑ። መቼም እርስዎንም እናት ወልዳዎታለችና ወጋችንን ያውቃሉ፤ የሴት ሆድ ራሱ ገፍቶ ካልተናገረ በቀር በሰው አፍ አይነገርም። በሦስተኛው ወር የጠየቀ ሰው ቢመጣ «ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው» ይባላል፣ ጠያቂውም ብርድ አለመሆኑን ልቡ እያወቀ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ገና ያልጸናን ነገር ከዓይንም ከወሬም መሸሸግ ነው። እኔ ለባሌ እናት አልነገርኩም ነበር። ለልጆቼም አልነገርኩም። ታዲያ ከወጣቶች ማኅበር ረድፍ፣ ከጓደኞቹ መካከል የተቀመጠው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ እምሩ፣ እናቱ ማርገዟን ከድምፅ ማጉያ ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያናግረኝ ጣራ ጣራውን ነበር የሚያየው። ሰኞ ጧት ደግሞ ወደ ሥራ ስወርድ ድልድዩ አጠገብ ሎሚ የምትሸጠው ሴትዮ፣ በሕይወቴ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን የማናውቅ፣ «የአብዮቱ እናት! ነይ ለማቅለሽለሽ ይሆንሻል» ብላ ሁለት ሎሚ ሰጠችኝ። ሎሚው ጥሩ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ንግግርዎ። «ምጥ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት ለሦስት ሺህ ዓመት አምጣለች፣ ከእንግዲህ ይብቃት!» ሲሉ ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። እኔ የተማርኩት ጥቂት ስለ ሆነ እናቴ እኛን ሰባታችንን ስትወልድ ያስጨነቃት ባላባት መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር፤ አጠገቧ ያየሁት ባላባት አልነበረም፣ አባቴም ቢሆን ደጅ ነው የሚቆመው። አባቶቻችን «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እያሉ ሲተርቱ ከዚያ የባሰ ድፍረት የሚኖር አልመሰላቸውም መሰለኝ። ልጅቷ እንኳ ዞሮ ዞሮ ሴት ናት።

ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ እኛ የምንወረስበት አልነበረንም፤ ያለችን አንድ ክፍል ነበረችና በእልልታ ተቀበልነው። ማኅፀኔ በትርፍ ቤትነት መያዙን ግን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ቢያንስ ቢያንስ እንደ ሌሎቹ ባለ ቤቶች አስቀድሞ ቢነገረኝ፣ አንዱን እንድመርጥ ቢፈቀድልኝ ደግ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ያለኝም አንድ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ድምፅ አሰጣጡ። እዚህ ላይ ልዋሽዎት አልችልም፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

እንዴት ቢሉ፣ ማኅበራችን ለበዓሉ ሰልፍ የሚለበሰውን ካኪ በቶሎ አድርሱ ተብሎ ስለ ነበር ሥራዬን ይዤ ነበር ስብሰባ የመጣሁት። ስለ ቦዩ ተነጋገራችሁ፣ እጅ ወጣ፣ አወጣሁ። ስለ ስኳሩ ተነጋገራችሁ፣ እጅ ወጣ፣ አወጣሁ። ስለ እኔ ሲነሳ ስሜን ሰምቼ ደንግጬ ቀና አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን እፍረቱ ጆሮዬን ስለ ደፈነኝ አንገቴን ካኪው ላይ ደፍቼ መዘምዘም ነው የያዝኩት። ጎኔ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ሲያነሱ የእኔም እጅ ከነመርፌው ተነሣ። ምን ላድርግ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ስትነሣ የኖረች እጅ ናት፤ ጌታዋን መጠየቅ ካቆመች ቆየች። ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። «በሙሉ ድምፅ!» አሉ፣ አጨበጨብን። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ዐፊፋ ጭኔን በኃይል ቆነጠጠችኝና «አንቺ! በገዛ ሆድሽ ላይ አጨበጨብሽ እኮ!» አለችኝ። እሷም ብትሆን እጇን አውጥታ ነበር።

ባለቤቴ አቶ ዓምደሚካኤል፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሰዓት የሚያድሰው፣ ነገር የማይወደው ሰው፣ እሱም አውጥቷል። ቤት ገብተን «አንተስ? ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ስታወጪ አየሁሽ፤ ተመካክራችሁ መስሎኝ» አለኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ በሦስት ወሩ እጅ ያብቅል አያብቅል እንጃ፤ አብቅሎ ከነበረ ግን እሱም ሳያወጣ አልቀረም፣ የቀበሌያችን ልጅ ነውና።

እርስዎ ታዲያ ኋላ ላይ ቢሮዎ መጥቼ «እኔኮ አልፈልግም» ብል፣ ደግ ፈገግታ ፈገግ ብለው «ወይዘሮ አይናዲስ፣ እርስዎ ራስዎ ደግፈዋል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። በራሴ ላይ በአንድ ድምፅ ነው የተሸነፍኩት፣ ያም ድምፅ የእኔ ነው።

አራተኛ፤ ስለ አሳቤ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ እኔው ልናገረው። ገና እያሰብኩ ነበር፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሦስተኛው ወር ለሴት የማሰቢያ ወር ይመስለኝ ነበር፤ ልጁ እንዴት ይመጣ ይሆን፣ የት፣ ማን ይይዘኝ ይሆን እያልኩ፣ ካኪ እየዘመዘምኩ፣ ከራሴ ጋር ገና ስነጋገር ነው የእርስዎ ውሳኔ የደረሰብኝ።

እምሩን የወለድኩት ቤቴ ነው። ተንበርክኬ፣ ዐፊፋ ከኋላ ወገቤን ይዛኝ፣ እኔ «ማርያም፣ ማርያም» ስል እሷ «ያ ፋጢማ፣ ያ ፋጢማ» ስትል፣ ሁለቱም ሳይጣሉ ልጁን አወጡልኝ። አምጫለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ ባሌንም ሰድቤያለሁ፤ ግን ጉልበቱ የእኔ ነበር። ሁለተኛዋን የወለድኩት አንድ ሐኪም ቤት ነው። በጀርባዬ አንጋለው፣ እግሬን ከብረት ጋር አስረው፣ «አትጩኺ፣ ሰው ይተኛበታል» እያሉኝ ወለድኩ። ልጅቷ ደኅና ናት፣ ክብር ምስጋና ይግባውና። እኔ ግን ወልጄ ሳይሆን ተወስዶብኝ የመጣሁ ያህል፣ ስንት ጊዜ ያንን ኮርኒስ በሕልሜ አየሁት።

እንግዲህ ቢላዋ የምትጠላ፣ ያልነቃች ሴት አድርገው እንዳያዩኝ አንድ ነገር ልጨምር። ታናሽ እህቴ አዳነች ቤቷ ስታምጥ ልጁ አግድም ሆነባት። ውሎ አደረ፤ እኛ ማርያምን ስንጠራ፣ መኪና ስንለምን፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳትደርስ አለፈች፣ ልጁም አብሯት። ያን ጊዜ ቢላዋ ቢደርስላት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ እኔ ስጽፍ እሷ ጎኔ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ቢላዋ ነፍስ ማዳኛ መሆኑን ለእኔ የሚነግረኝ ሰው የለም። ነፍስ የሚያድነውን ነገር ወስዶ ሰልፍ ማድመቂያ ማድረግ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ በአዳነች መቃብር ላይ መጨፈር ነው የሚመስለኝ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ምስጋና ጽፌያታለሁ።

ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ፣ ሲስተር ለተኪዳን፣ ወረቀቴ እስኪመጣ ብላ ለአንድ ጊዜ ያለ ካርድ አይታኛለች። ደሜን ለካች፣ ሆዴን ዳሰሰች፣ የአዳነችንም ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «እትዬ አይናዲስ፣ ዕድሜዎ ገፋ ስላለ በየወሩ ልይዎት። የልጁ አቀማመጥ ወደ መጨረሻው ነው የሚለየው፤ ደኅና ከሆነ እዚሁ እኔ ዘንድ በምጥዎ ይወልዳሉ፣ እየተንጎራደዱም ተንበርክከውም ቢሆን፤ የሚይዝዎት አንድ ሰው ይዘው ይምጡ። ደኅና ካልሆነ ግን አልታገልም፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው የምልክዎ» አለችኝ። ከሰው አፍ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚል ቃል ስሰማ ስንት ዘመኔ ነው! በእኛ ስብሰባ ያለው «መሆን አለበት» ብቻ ነው። ዐፊፋንም የዚያኑ ዕለት «ትይዢኛለሽ?» አልኳት። «ወገብሽ ወፍሯል፣ እጄ ከዞረልሽ» አለችኝ። እንግዲህ አሳቤ ይኼው ነው፤ እዚህ ደርሶ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ቀኑ። ልጄ መስከረም ሁለት ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ እልል ብዬ እቀበለዋለሁ፣ ባንዲራም ያውለብልብ። ጳጉሜ ውስጥ ቢመጣስ? ለእንቁጣጣሽ ከአደይ አበባው ጋር ቢደርስስ? «አንድ ቀን ቀድመሃል፣ ተመልሰህ ተሰለፍ» ሊባል ነው? ወይስ መስቀል ድረስ ቢቆይና ሐኪሙ በውሳኔያችን መሠረት ሲከፍተኝ ገና ያልበሰለ ልጅ ቢያገኝ፣ ጉድለቱ በየትኛው ንዑስ ኮሚቴ ይሞላል? ዳቦ እንኳ ሳይበስል ከምጣድ አይወጣም፤ የዳቦ ወረፋችንን ያስተዳደሩት እርስዎ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ስድስተኛ፤ ስለ ስሙ። ከቀረቡት ሦስት ስሞች «ላብአደር» ማለፉን ሰምቻለሁ። ላብአደር ዓምደሚካኤል። ግማሹ ፋብሪካ ይገባል፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ሴት ብትሆንስ ብዬ ብጠይቅ «ይታሰብበታል» ተባልኩ። ከተረፈው ሁሉ የሚታሰብበት ይህ ብቻ ስለ ሆነ እሱንም አመሰግናለሁ። ክርስትናውንና ገንፎውን በሚመለከት ግን፣ ጎረቤቶቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ሊገቡ ነው ወይስ «እንኳን ኮሚቴው ማረሽ»? አስቀድሞ ቢነገራቸው አይሳሳቱም ነበር።

ሰባተኛ፤ ስለ ወረቀቱ። ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ እዚህ ነው። ሲስተር ለተኪዳን ያለ ቀበሌ ወረቀት ሁለተኛ ልታየኝ አትችልም፤ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ደግሞ ደርሷል። እርስዎ «ለበዓሉ ኦፕራሲዮን ፈቃደኛ ነኝ» ብዬ ካልፈረምኩ ማኅተም አላሳርፍም ብለዋል። ይህም ማለት ጤነኛ ሆኜ እንድቀደድ ይፈቀድልኛል፣ ጤነኛ መሆኔ ግን በየወሩ እንዳይታይ ይከለከላል። ምጥን ከፊውዳሉ እጅ ነጻ እናወጣለን ተብሎ ያለ ምንም ክትትል የቀረች አርባን ያለፈች እርጉዝ ብትታመም፣ ልጁ እንደ አዳነች ልጅ አግድም ቢሆንና ማንም ሳያውቅ ቢቀር፣ ያን ጊዜ ማን እጁን እንደሚያወጣ እንጃ። በእንዲህ ያለው ጊዜ እጆች ሁሉ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ጓድ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ያን እሑድ ያወጣኋትን እጅ መልሱልኝ። ከፈለጋችሁ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ይቆይ፤ ከጎኑ ግን «አንዲት እርጉዝ ሴት ሲቀር» ተብሎ ይጻፍበት። ወረቀቴም ምንም ጭማሪ ሳይኖርበት፣ «ለነፍሰ ጡር ክትትል» ተብሎ ይታተምልኝ። የቀረውን እኔ፣ ልጁና ሲስተር ለተኪዳን፣ ከሆነ ከሆነ፣ ካልሆነ ካልሆነ፣ እየተያየን እናደርሰዋለን። ለበዓሉም ባዶ እጄን አልቀርም፤ የሰልፈኛውን ካኪ ሁሉ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ፣ ጠርዙ ቢተረተር ከእኔ ወዲያ ተጠያቂ የለም።

እስከዚያው ድረስ ስለ ዘረጉልኝ ዕቅድ፣ ስለ ሰጡኝ ዝና፣ ለልጄ ስለ መረጡለት ስም፣ ለእናቴም ዘግይቶ ስለ ደረሰላት ነጻነት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ፤ ጎንበስ ማለት ከአምስተኛው ወር በኋላ ስለሚያስቸግረኝ አሁኑኑ ይቀበሉኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያደላድለው፣ በሚቀጥለውም ዓመት የሚወስኑበት ሆድ አያሳጣዎት።

ከታላቅ አክብሮትና ከቀላል ማቅለሽለሽ ጋር፣
የዕቅድዎ አካል፣ የውሳኔዎ ደጋፊ የነበረች፣

አይናዲስ ወልደገብርኤል
(ከነሆዷ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ ጋቢ እስከ ቅንድብዎ ተከናንበው የጠበል ተራ ሲጠብቁ፣ ከኋላዎ ጀሪካን ይዛ የቆመችው ሴት እኔ ነበርኩ። ሐኪሞቹ የሐሞት ጠጠርዎ በኦፕራሲዮን ይውጣ ካሉዎት ዓመት እንዳለፈው፣ እርስዎ ግን ቢላዋ ሲያስቡ ጉልበትዎ እንደሚከዳዎትና «ጊዜው ሲደርስ በተፈጥሮ ራሱ ቢወጣልኝ» እንደሚመርጡ ለአጥማቂው አባት ሲነግሩ ሰማሁ፤ ማይክራፎን አልነበረም፣ ድምፅዎ ግን ለምዶበታል። ለአንድ ሰው አልተናገርኩም፤ ይህም ጋዜጣ ቢሆን የተለጠፈው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ማርያም በሰላም ታውጣልዎ። ወረቀቴ እስከ ቅዳሜ ካልታተመ ግን፣ እሑድ «የሊቀ መንበራችንን ጠጠር ለበዓሉ ስለ ማድረስ» የሚል አንድ አጀንዳ አስይዛለሁ። እጅ አወጣጣችንን ደግሞ ያውቁታል።